የኋላ ሾክ አብዞርበር፦ ርካሹ የትኛው ነው?

በአውሮፓና በአሜሪካ ገበያ ለረጅም ጉዞ ተብለው የሚሠሩ ትላልቅ ሞተር ብስክሌቶች ዕድሜያቸው ረጅም ነው። ሞተራቸው ሳይከፈት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር አልፈው የሚሠሩ ጥቂት አይደሉም። ከሞተሩ ቀድሞ የሚደክመው ከኮርቻው ሥር ተደብቆ የሚኖረው የኋላ ሾክ አብዞርበር ነው። ድካሙ በየዕለቱ ትንሽ በትንሽ ስለሚመጣ ባለቤቱ አብሮት ይለምደዋል፤ ችግሩን የሚያውቀው አንድ ቀን የትዳር ጓደኛውን ከኋላ አስቀምጦ፣ ሁለቱንም የጎን ሳጥን ሞልቶ በፍጥነት ኩርባ ሲገባና ሞተሩ እንደ ጀልባ ሲወዛወዝበት ነው። ከዚያ ገበያ ይወጣል። በገበያው ላይም ለዚያው ለአንድ ሞተር የሚሆን ሾክ ከጥቂት መቶ ዶላር አንሥቶ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ተደርድሮ ይጠብቀዋል።

ይህን ያህል የዋጋ ልዩነት ያለበት ገበያ ለገዢው ወጥመድ፣ ነገሩን ለሚያውቅ ነጋዴ ደግሞ እንጀራ ነው።

ለማስረጃ ያህል ያማሃ ኤፍጄአር 1300 የተባለውን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2001 በአውሮፓ ለገበያ የቀረበው ይህ ሞተር ባለ 1,298 ሲሲ ሲሆን፣ የኋላ ጎማው የሚሽከረከረው በሰንሰለት ሳይሆን በካርዳን ነው። ነዳጅና ዘይት ተሞልቶለት ነጂው ሳይቀመጥበት ከሩብ ቶን በላይ ይመዝናል። ከዓመታት አገልግሎት በኋላ የመሸጫ ዋጋው በጣም ስለሚወርድ፣ ያገለገለ ገዝተው የሚነዱት ሰዎች አንድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል። ሦስት ሺህ ዶላር በማያወጣ ሞተር ላይ የሺህ ዶላር ሾክ መግጠም ምን ዓይነት ንግድ ነው? ኦርጂናሉን ከወኪሉ ልግዛ ያለ ሰውም ብዙ ጊዜ ከሌላ አምራች ከሚገዛው የበለጠ ዋጋ ተጠይቆ ይመለሳል።

ለጥያቄው መልስ ለመስጠት ዕቃው ምን እንደሚሸጥ ማወቅ ያስፈልጋል። ሾክ ተብሎ በአንድ ዋጋ የሚሸጠው ሁለት የተለያየ ሥራ ያላቸው ዕቃዎች ናቸው። ሞላው ክብደት ይሸከማል። በመሐሉ ያለው ዘይት የሞላው ቱቦ ደግሞ ሞላው ከታጨቀ በኋላ እንዳይፈናጠር ይይዘዋል፤ ዘይቱ በፒስተን ቀዳዳዎች እየተጨነቀ ሲያልፍ እንቅስቃሴው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ናይትሮጅን ጋዝ የሚጨመርበትም ዘይቱ አረፋ እንዳያወጣ ነው። በማስታወቂያ የሚሞገሰው፣ በወርቃማ ቀለም የሚያብለጨልጨውና ዋጋውን የሚያንረው ይህ ቱቦ ነው። የብዙው ገዢ ችግር ግን የሚነሣው ከሞላው ነው። ፋብሪካው ሞላውን የመረጠው ለመካከለኛ ክብደት ነጂ ነው። 95 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሌላ 65 ኪሎ ከኋላው አስቀምጦ 30 ኪሎ ጓዝ ሲጨምርበት፣ ሂሳቡ ፋብሪካው ካሰበው ውጪ ነው።

ይህንን ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ሜትርና አንድ ረዳት ብቻ ነው። በመጀመሪያ ሞተሩ በመሐል መቆሚያው ቆሞ የኋላ ጎማው ከመሬት ሲነሣ፣ ከጎማው መሐል ዘንግ እስከ ጅራቱ ላይ እስከተመረጠ አንድ ምልክት ድረስ ይለካል። ቀጥሎ ከመቆሚያው ወርዶ በራሱ ክብደት ብቻ ሳለ ይለካል። በመጨረሻም ነጂው፣ ተሳፋሪውና ጓዙ እንደ ጉዞው ቀን ሆነው ተቀምጠውበት ይለካል። የኤፍጄአር የኋላ ጎማ ጠቅላላ እንቅስቃሴ 125 ሚሊ ሜትር ነው። ሙሉ ጭነቱን ይዞ ከመጀመሪያው ልኬት ከ35 እስከ 42 ሚሊ ሜትር ቢወርድ፣ ማለትም የእንቅስቃሴውን ሲሶ ገደማ ቢወስድ፣ ደህና ነው። በራሱ ክብደት ብቻ ደግሞ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ሊወርድ ይገባዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ከኋላው ዝቅ ሲልበት የሞላውን ማጥበቂያ ያዞርና ሞላውን ያጠነከረው ይመስለዋል። ማጥበቂያው የሞላውን ጥንካሬ አይለውጥም፤ ሞላው ሥራውን የሚጀምርበትን ከፍታ ብቻ ያነሣል። በአንድ ሚሊ ሜትር 100 ኒውተን የሆነ ሞላ፣ ማለትም አንድ ሚሊ ሜትር ለመታጨቅ 10 ኪሎ ገደማ የሚፈልግ ሞላ፣ የቱንም ያህል ቢጠብቅ ያው የ100 ኒውተን ሞላ ነው። ስለዚህ ከጭነት ጋር ያለው ልኬት ትክክል እስኪሆን ድረስ ከጠበቀ በኋላ ሞተሩ ባዶውን ሲሆን ጭራሽ የማይወርድ ከሆነ፣ ሞላው ለዚያ ሰው ልል ነው ማለት ነው። በተቃራኒው ከጭነት ጋር ትክክል ሆኖ ባዶውን 25 ሚሊ ሜትር ቢወርድ ሞላው ከልክ በላይ ጠንካራ ነው። ነገሩ ግልብጥ ቢመስልም ሒሳቡ ትክክል ነው።

የኤፍጄአር ኦርጂናል ሾክ ለስላሳና ጠንካራ የሚል ባለ ሁለት ደረጃ ማንሻ ስላለው ባለቤቱ ጭነት ሲጨምር ወደ ጠንካራው ይመልሰዋል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን የደከመ ዘይትና የተበላ ጎሚኒ አይመልስም። ዘይቱ በደከመ ሾክ ላይ ሞላ ብቻ ማጠንከርም ጉዳቱ ያመዝናል፤ የበለጠ ጉልበት ያለው ሞላ ሲፈናጠር የሚይዘው ስለሌለ ጎማው ከመሬት ይዘላል። ቱቦው ገና ጤነኛ የሆነለት ሰው ግን ከሙሉ ሾክ ፋንታ ሞላ ብቻ ለውጦ ከወጪው አብዛኛውን ሊያድን ይችላል። ጤንነቱን ለማወቅ ዘንጉ ላይ የዘይት እርጥበት መኖሩን ማየት፣ ከዚያም ጅራቱን በኃይል ተጭኖ መልቀቅ ነው። አንድ ጊዜ ተመልሶ ከቆመ ደህና፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ካነጠረ ሥራውን አቁሟል።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ሌላም መታየት ያለበት አለ። የኋላውን ጎማ ክንድና ሾኩን የሚያገናኙት ማንጠልጠያዎች በኩሽኔታ ላይ የሚዞሩ ናቸው። ግራሶ ደርቆባቸው የዛጉ እንደሆነ አዲሱም ሾክ እንደ አሮጌው ያስቸግራል። በጎማ ነፋስ ጉድለት የተነሣ ሾክ የለወጡም አይጠፉም። ለጥቂት ግራሶ ሲባል ብዙ መቶ ዶላር የሚከፈልበት ገበያ ነው።

ወደ ሻጮቹ ስንመለስ፣ በዝቅተኛው ዋጋ አካባቢ የእንግሊዙ ሃጎንና የታይላንዱ ዋይኤስኤስ ይታወቃሉ። የጀርመኑ ዊልበርስ በመካከል ሲቀመጥ፣ የስዊድኑ ኡሊንስ ከላይ ይገኛል። የኡሊንስ ታሪክ ለገበያ ሰው የሚስብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በኬንት ኡሊን የተመሠረተው ይህ ኩባንያ በ1987 ከፍተኛው ድርሻው ወደ ያማሃ ተላልፎ ቆይቶ በ2007 ወደ መሥራቹ ተመለሰ። በ2018 ደግሞ ለአሜሪካው ቴኔኮ መሸጡ ተነገረ። በ2024 የጣሊያኑ የፍሬን አምራች ብሬምቦ በ405 ሚሊዮን ዶላር ከቴኔኮ ለመግዛት ተስማማ። እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ስም ዋጋ እንዳለው ግልጽ ነው፤ ገዢው ግን ከሚከፍለው ውስጥ የተወሰነው ለስሙ መሆኑን አይርሳ። ወርቃማ ቀለሙን አስመስለው በጣም ርካሽ የሚሸጡ ቅጂዎችም ሞልተዋል። እነሱን የሚገዛ ሰው የሚገዛው ቀለም ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። አሃዞቹ ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ ናቸው። የመጀመሪያው ሾክ 350 ዶላር ያወጣል፤ የታሸገ በመሆኑ አይጠገንም፤ 40,000 ኪሎ ሜትር ሠርቶ ይጣላል። ሁለተኛው 700 ዶላር ያወጣል፤ በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ በ150 ዶላር ዘይትና ጎሚኒው ይታደሳል። ነጂው በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ቢነዳ በስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያውን ሦስት ጊዜ ገዝቶ 1,050 ዶላር ያወጣል። ሁለተኛው ከሁለት እድሳት ጋር 1,000 ዶላር ይፈጃል። ሻጮች «ውድ ዕቃ በመጨረሻ ርካሽ ነው» ሲሉ የሚያሳዩት ይህንን የ50 ዶላር ልዩነት ነው።

ዛሬ የሚከፈል ዶላርና ከአራት ዓመት በኋላ የሚከፈል ዶላር ግን እኩል አይደሉም። ሁለተኛውን የመረጠ ሰው በመጀመሪያው ቀን 350 ዶላር ጨምሮ ከፍሎ፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ዓመት ሁለት መቶ ሁለት መቶ ዶላር ይቆጥባል። ይህ በዓመት 4.6 በመቶ ገደማ ከሚወልድ ገንዘብ ጋር እኩል ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ማሳደጉን የሚያስታውስ አንባቢ፣ ዶላርና ብር ለየቅል መሆናቸው ሳይዘነጋ፣ ይህ የሚያስጎመጅ ትርፍ አለመሆኑን ይረዳል። ገንዘቡን በሌላ ሥራ ላይ የተሻለ የሚያሠራ ሰው ርካሹን ሾክ እየለወጠ ቢነዳ አልተሞኘም።

ሒሳቡን የሚገለብጠው የመሸጫ ዋጋ ነው። የሚታደሰው ሾክ በስድስተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ እድሳት እንደሚፈልግ ታውቆም ቢሆን በ200 ዶላር ቢሸጥ፣ ያ የ350 ዶላር ጭማሪ በዓመት 15 በመቶ ገደማ የሚወልድ ይሆናል። የታሸገው ግን ለቁራሌው ካልሆነ በስተቀር ገዢ የለውም። ስለዚህ ውድ ሾክ የሚገዛ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው ምን ያህል እንደሚሠራ ብቻ አይደለም፤ ማን እንደሚገዛው ጭምር ነው። ሞተሩን የሚሸጡ ብልሆች ጥሩውን ሾክ ፈትተው ለብቻው ይሸጡታል፤ ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው ለሾኩ ብሎ እምብዛም ዋጋ አይጨምርምና። በምትኩ የሞተውን ሾክ መልሰው የሚገጥሙት ግን ንግድ ሳይሆን በሰው ነፍስ መቀለድ ነው።

ከዚህ ሌላ «ይታደሳል» የሚለው ቃል ዋጋ የሚኖረው አዳሽ ባለበት አገር ነው። ሥራው ናይትሮጅን መሙያ፣ ልዩ መፍቻና የዚያ አምራች ጎሚኒ ይፈልጋል። በጀርመን ወይም በእንግሊዝ የሚኖር ባለቤት ሾኩን በፖስታ ልኮ በፖስታ ይቀበላል። ከካይሮ ተነሥቶ ወደ ኬፕታውን የሚጓዝ ሞተረኛ ግን ይህ ዕድል የለውም። ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት የሚወስደው የኬንያ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አስፋልት ከመልበሱ በፊት፣ ሞገድ በመሰለው ኮረኮንቹ ሾክ በመግደል የታወቀ ነበር። ዘይቱ ያለ ዕረፍት እየተመታ ሲግል ይቀጥናል፣ ጎሚኒው ይሸነፋል፣ ዘይቱም ይፈስሳል። እንዲህ ሆኖ አዲስ አበባ የገባ መንገደኛ ምትኩን ከውጭ ሲያስመጣ ከዕቃው ዋጋ በላይ የአየር ጭነት፣ ቀረጥና የሆቴል አልጋ ይከፍላል። ሞላው ከባድ ብረት መሆኑም ለጭነቱ ዋጋ አይበጅም። ለእንዲህ ያለው ተጓዥ ርካሹ ሾክ ከመነሣቱ በፊት በአገሩ አዲስ የገዛው፣ ለጭነቱ በተመረጠ ሞላ የተገጠመው ነው።

ያገለገለ መግዛት የቀረው መንገድ ነው። በዚህ በኩል ከአዲሱ ዋጋ ግማሹን የሚያተርፉ አሉ፤ ገንዘባቸውን የሚያቃጥሉም አሉ። ከላይኛው ቀዳዳ መሐል እስከ ታችኛው ቀዳዳ መሐል ያለው ርዝመት ከኦርጂናሉ ጋር ጥቂት ሚሊ ሜትር እንኳ ቢለያይ የሞተሩ አቋቋምና አመራር ይለወጣል። ከሌላ ሞተር የወጣ ሞላም ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ብቻ አይሆንም፤ በአብዛኛው ጎማው ሁለት እጅ ወይም ከዚያ በላይ ሲሄድ ሾኩ አንድ እጅ ነውና የሚታጨቀው፣ ይህም መጠን ከሞተር ሞተር ይለያያል። የሞላው ጥንካሬ ብዙ ጊዜ በራሱ በሞላው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሻጩ የቀድሞው ባለቤት ምን ያህል ይመዝን እንደነበር መናገር ካልቻለ፣ ገዢው ዋጋውን ሲደራደር የአንድ አዲስ ሞላና የአንድ እድሳት ወጪ ቀንሶ ይጀምር።