የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው፦ የአየር ንብረት ለውጥና የከብት መንገድ ውሃ

እ.ኤ.አ. በ2020፣ በመስከረም መባቻ፣ ካርቱም ላይ የጥቁር ዓባይ ከፍታ ከ17 ሜትር ተኩል አለፈ። ልኬት መያዝ ከተጀመረ ወዲህ፣ ከመቶ ዓመት በላይ፣ እንዲህ ያለ ቁጥር ታይቶ አያውቅም። ሽማግሌዎች የሚያነሷቸው የ1946 እና የ1988 ሙላቶች እንኳ ከዚህ በታች ነበሩ። የቱቲ ደሴት ሰዎች የአሸዋ ከረጢት ሲደረድሩ ያድሩ ነበር፤ መንግሥትም የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ሰባት ወር ሳይሞላ፣ በመጋቢት፣ አንድ የማውቀው ነጋዴ ከገዳሪፍ ደወለልኝ። ሠላሳ ሰንጋ ይዞ ከከተማው ዳር ቆሟል፤ ውሃ በበርሜል፣ በአህያ ጋሪ እያስመጣ ይገዛል። «ዶክተር፣» አለኝ፣ «ያ ሁሉ ውሃ የት ገባ?»

በስልክ አጥጋቢ መልስ አልሰጠሁትም። ጥያቄው ግን የሁላችሁም ስለሆነ ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ልመልሰው።

ከወንዙ እንጀምር። ወደ ግብፅ ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ 85 በመቶ ገደማው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው። አብዛኛው ደግሞ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ጥቂት ወራት ይመጣል። ነጭ ዓባይ በተቃራኒው ዓመቱን ሙሉ ዝግ ብሎ ይፈስሳል፤ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ያለው የሱድ ረግረግ ግማሽ ያህል ውሃውን በትነት ስለሚያስቀርበት ካርቱም ሲደርስ ጉልበቱ ደክሞ ነው። ስለዚህ የጥቁር ዓባይ ዓመት ማለት የኢትዮጵያ ክረምት ማለት ነው። ክረምቱ ሲከፋ ምን እንደሚመጣ በ1984 አይተናል፤ የኮርዶፋንና የዳርፉር አርብቶ አደሮች መንጋቸው አልቆ ኦምዱርማን ዳር ሰፈሩ።

የአየር ንብረት ለውጥ እዚህ ላይ የሚያደርገው ነገር ብዙ ሰው እንደሚያስበው ውሃውን እየቀነሱ መሄድ ብቻ አይደለም። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እርጥበት ይይዛል። በአንድ በኩል ከመሬትና ከኩሬ አብዝቶ ይመጥጣል፤ በሌላ በኩል ሲያወርድ ዶፍ ያወርዳል። በዝናብና በዝናብ መካከል ያለው ደረቅ ጊዜም ይረዝማል። የኤም.አይ.ቲው ሱዳናዊ ፕሮፌሰር ኤልፋቲህ ኤልታሂር ከሞሐመድ ሲያም ጋር በ2017 ባወጡት ጥናት፣ በዚህ ክፍለ ዘመን የዓባይ ዓመታዊ ፍሰት ከዓመት ዓመት የሚዋዥቅበት መጠን በ50 በመቶ ገደማ ሊጨምር እንደሚችል አሳይተዋል። አማካዩ ይጨምር ወይስ ይቀንስ በሚለው ላይ የአየር ንብረት ሞዴሎች አይስማሙም። ለነጋዴ ግን አማካይ ብዙም አይጠቅመውም። ሁለት ጥሩ ዓመትና አንድ ክፉ ዓመት በወረቀት ላይ ደህና አማካይ ይሰጣሉ፤ በክፉው ዓመት የሞተው ከብት ግን በአማካይ አይነሳም።

አሁን ወደ እኛ መንገድ። ከመተማ ተነስቶ በገላባትና በዶካ አድርጎ ገዳሪፍ፣ ከዚያም በወድ መደኒ በኩል ካርቱም እስኪገባ ድረስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚህ ሁሉ መንገድ ከብቶቻችሁ ከጥቁር ዓባይ የሚጠጡት መጨረሻው ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የሚጠጡት ከትንንሾቹ ነው፦ እኛ ጓንግ የምንለውና ሱዳን ውስጥ አትባራ የሚሆነው፣ ሽንፋ የምንለውና ራሃድ የሚሆነው። በከሰላ በኩል የሚሄድ ደግሞ መረብን፣ ማለትም ጋሽን፣ ያገኛል። ራሃድና ጋሽ የወቅት ወንዞች ናቸው፤ ጓንግም በበጋ ፍሰቱ ይቆምና በየቦታው ኩሬ ብቻ ይቀራል። ጋሽ በክረምት ሦስት ወር ያህል ይወርድና ባሕር ሳይደርስ ከከሰላ በስተሰሜን ሜዳ ላይ ይቀራል።

ስለ ሕዳሴ ግድብም ሁልጊዜ እጠየቃለሁ። ግድቡ በመስከረም 2025 ተመርቋል፤ የክረምቱን ሙላት ይዞ ቀስ እያለ የሚለቅ በመሆኑ፣ መረጃው በወቅቱ ከደረሰ፣ የጥቁር ዓባይን መዋዠቅ ሊያለዝብ ይችላል። ነገር ግን ጓንግ፣ ሽንፋ፣ ተከዜና መረብ በግድቡ በኩል አያልፉም። የዝናቡን መዛባት ሙሉ በሙሉ የሚሸከሙት እነዚህ ናቸው፤ የከብት መንገዱም የእነሱ ነው። በሬዲዮ ስለ ዓባይ ደረጃ ሰምቶ «ዘንድሮ ውሃ አለ» ብሎ ከብት የሚያነሳ ሰው የሌላ መንገድ ወሬ ሰምቶ ነው የተነሳው።

ቀጥሎ ሐፊር አለ፤ ሱዳኖች የዝናብ ውሃ እንዲያቁር ብለው ጥቁር አፈር ላይ የሚቆፍሩት ትልቅ ኩሬ። በገዳሪፍና በኮርዶፋን ብዙ መንደርና ብዙ መንጋ በእሱ ይኖራል። በዚህ አገር በደረቁ ወራት ከተገለጠ ውሃ ላይ በቀን ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይተናል። ከኅዳር እስከ ግንቦት ስትደምሩት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። አራት ሜትር ጥልቀት ያለው ሐፊር አንድም ከብት አፉን ሳይነክረው ከሲሶ በላይ ውሃው ይሄዳል ማለት ነው፤ በየዓመቱ ከሥር የሚከማቸው ደለል ሳይቆጠር። ሙቀቱ ሲጨምር ትነቱም ይጨምራል፣ መንጋውም አብዝቶ ይጠጣል፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ ከአንዱ ሐፊር። የነጋዴዬ ጥያቄ ግማሽ መልስ ይኸው ነው። የ2020ው ውሃ በከፊል በወንዙ አልፎ ሄደ፤ ሐፊር ውስጥ የቀረውን ደግሞ ፀሐይ ቀድማችሁ ጠጣችው።

ከመሬት በታች ያለው ውሃ ከዚህ የተሻለ ዘብ አለው፤ ፀሐይ አታገኘውም። ግን በሁሉም ቦታ የለም። ካርቱምና ኦምዱርማን የኑብያ አሸዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ይህ ድንጋይ ብዙ ውሃ ይይዛል፣ ከወንዙ የራቀው ውሃ ግን አብዛኛው በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ዕድሜ ያለው ነው። ያወጣነውን ያህል አይተካም። የከሰላ ጉድጓዶች ሌላ ዓይነት ናቸው፤ ጋሽ በወረደ ቁጥር ይሞላሉ፣ ጋሽ ባነሰበት ዓመት ደግሞ ይጎድላሉ። ገዳሪፍ ሲደርስ ሸክላ አፈርና ጥቁር ድንጋይ ነው። ሸክላው ሲረጥብ ስንጥቁን ይደፍንና ዶፉን ወደ ታች ከማስረግ ይልቅ ወደ ወንዝ ይሰደዋል። በዚህ ምክንያት ነው ከተማዋ እስከ ሸዋክ ድረስ፣ ከአትባራ ወንዝ፣ ውሃ የምታስመጣው። ዝናቡ በዶፍ መልክ በመጣ ቁጥር እንዲህ ያለ አፈር ከጥሩ ክረምት እንኳ ጥቂት ነው የሚያስቀረው።

ጉድጓዱ ሲጎድል የውሃው ጨውም ይጨምራል። በሊትር እስከ 3 ግራም ጨው ለከብት ደህና ነው፤ ከ7 ግራም ካለፈ አደገኛ ነው። ምላስ መጀመሪያ ይነግራችኋል፤ ብዙ ከብት የሚያንቀሳቅስ ሰው ግን ኪስ ውስጥ የምትገባውን የጨው መለኪያ ቢገዛ ገንዘቡን አያባክንም።

እስቲ አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ሠላሳ ሰንጋ፣ እያንዳንዱ 350 ኪሎ እንበል፤ በድምሩ 10,500 ኪሎ ነው። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ እንዲህ ያለ በሬ በቀን 40 ሊትርና ከዚያም በላይ ይጠጣል፤ ለሠላሳው 1,200 ሊትር፣ ማለትም ስድስት ባለ 200 ሊትር በርሜል። ሳይጠጣና ሳይበላ አንድ ቀንና ሌሊት መኪና ላይ የዋለ ከብት ከ6 እስከ 10 በመቶ ክብደቱን ያጣል። 8 በመቶ ብንይዝ 840 ኪሎ ነው፤ ከሁለት ሰንጋ በላይ በመንገድ ቀረ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ የሆድ ዕቃው ድርሻ ሲጠጣና ሲበላ ይመለሳል። ጥሙ በረዘመ ቁጥር ግን ከሥጋው የሚሄደው ይበዛል፣ እሱን በአንድ ቀን ባልዲ አትመልሱትም። በሚዛን ሳይሆን በዓይን ግምት በሚሸጥበት ገበያ ደግሞ ጉዳቱ የባሰ ነው፤ ገዢው ዓይኑ የሰረጎደ፣ ጎኑ የገባ በሬ ሲያይ ከጠፋው ኪሎ በላይ ነው የሚቆርጠው። ስድስት በርሜሉ ምንም ያህል ቢወደድ ይህን አያክልም። የማዝነው፣ የናፍጣን፣ የኬላንና የደላላን ወጪ በሳንቲም የሚያውቅ ነጋዴ የውሃን ወጪ «እዚያው እናያለን» ብሎ ሲያልፈው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በጣም የተጠማን ከብት ገንዳ ላይ እስኪጠግብ አትልቀቁት፤ በተለይ ጥጃና ወይፈን በአንድ ጊዜ ብዙ ከጠጣ ሊመረዝና ሊሞት ይችላል። ትንሽ ድርቆሽ አስቀድሙ፣ ከዚያ ጥቂት ውሃ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ።

ሙላቱም የራሱ ዕዳ አለው። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትን የሚያስተላልፉ አንዳንድ ትንኞች እንቁላላቸውን ጎድጓዳ መሬት ላይ ይጥላሉ፤ እንቁላሉ አፈር ውስጥ ለዓመታት ደርቆ ይቆይና ጎርፍ ሲሸፍነው ይፈለፈላል፣ ቫይረሱንም ይዞ ሊወጣ ይችላል። በ2007 ከከባድ ዝናብና ጎርፍ በኋላ በሽታው በነጭ ዓባይ፣ በሰናር፣ በገዚራና በካርቱም ተነስቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በ2019 ከጎርፍ በኋላ እንደገና ሲከሰት ሳዑዲ ዓረቢያ የሱዳንን የቁም እንስሳት ማስገባት አቆመች። በሽታው ሳይነካቸው በእገዳው ብቻ የከሰሩ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ወደብ ላይ የተያዘ በግ በየቀኑ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ዋጋው ግን ይወርዳል። ስለዚህ ከትልቅ ሙላት በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ወራት ወደ ውጭ ለመላክ የሚገዛ ሰው በአካባቢው በጎች በብዛት ጨንግፈው፣ ግልገሎችም ሞተው እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። የጨነገፈውን ወይም የታረደውን የታመመ ከብት ደም በባዶ እጅ አይንካ።

ከሚያዝያ 2023 ጦርነት ወዲህ ነገሩ ሁሉ ተወሳስቧል። የካርቱም ባሕሪ ትልቁ የውሃ ማጣሪያ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራ አቆመ፤ ብዙ መንገድ ተዘጋ፣ ብዙ ንግድ ወደ ምሥራቅ ዞረ። ይህ ማለት ብዙ ከብት በእነዚያው ጥቂት ሐፊሮችና ጉድጓዶች ላይ ይቆማል ማለት ነው። ከመነሳታችሁ በፊት መደወል ያለባችሁ ለደላላው ብቻ አይደለም። ሐፊሩ ምን ያህል እንደቀረው፣ የጉድጓዱ ሞተር ይሠራ እንደሆነ፣ በርሜል ስንት ጊኒ እንደገባ ለሚያውቅ ሰው ደውሉ፤ ብዙ ጊዜ እሱ የጋሪው ባለቤት ነው።

ከገዳሪፍ የደወለልኝ ሰው አሁን በገዳሪፍ በኩል ብቻ ነው የሚሠራው። ከመኪና ባለቤት ጋር ሲዋዋል ሁለት በርሜል ሙሉ ውሃ እንዲጫንና መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ለማጠጣት እንዲቆም ያስጽፋል። ሾፌሩ ሳይቆም ካለፈ ከጭነቱ ኪራይ ይቀነሳል። መጀመሪያ የተስማማለት አንድ ሾፌር ብቻ ነበር፤ አሁን ሦስት አሉት።