ለወንዱ ልጄ ነፃነት፣ ለሴቷ ልጄ ዕረፍት

ጥያቄ፦ «የኮምቦልቻ ነዋሪ ነኝ። ሥራዬ ደሴ ስለሆነ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በየቀኑ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ወንዱ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ባለፈው ወር ስለ ሃይማኖቱ የሚናገር ጽሑፍ ፎቶ ኮፒ አስደርጎ፣ አራት ላይ አጥፎ፣ በዕረፍት ሰዓት ለጓደኞቹ ሲያድል ምክትል ርዕሰ መምህሩ አዩት። ወረቀቱን ሰብስበው ወሰዱበት። ‹ትምህርት ቤት ዓለማዊ ነው፤ ወላጅ ሳታመጣ ክፍል እንዳትገባ› ብለው መለሱት። እኔ በሥራ ከከተማ ወጥቼ ስለነበር ልጁ አራት ቀን ከትምህርት ቀረ። ሴቷ ደግሞ በሌላ ከተማ በመንግሥት ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ናት። ዶርም ውስጥ ስድስት ሆነው ይኖራሉ። ከላይኛው አልጋ የምትተኛው ልጅ እምነቷ ሌላ ነው፤ ማታ ማታ ትሰብካታለች፣ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኳን ከፍታ ስብከት ታሰማለች። ልጄ ‹ተይኝ› ብትላት ‹የመናገር መብቴ ነው› አለቻት። የወንዱ ልጄ መብት አልተነካም ወይ? ያቺ ልጅስ እውነት መብቷ ነው? ሁለቱን አንድ ላይ ስጽፍ ለራሴም ግራ ገባኝ።»

አባት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። አብሽሩ፤ ግራ መጋባትዎ የደግ ነው። በዚህ ጉዳይ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ወይ «እኛ ተከለከልን» ወይ «እነሱ ተፈቀደላቸው» የሚሉ ናቸው። እርስዎ ግን ሁለቱንም በአንድ ወረቀት ላይ አስቀምጠው ላኩልኝ። ደግሞም ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ባነበው የየትኛው እምነት ተከታይ እንደሆኑ አላገኘሁም። ስምዎን ጽፈውልኝ ቢሆን እንኳ ወሎ ነውና አላውቅም ነበር፤ አባት ከበደ ልጅ ሙሐመድ፣ አባት አሊ ልጅ ተስፋዬ በሚባልበት አገር ስም ሃይማኖትን አይናገርም። ስለዚህ ይህን መልስ ለሙስሊሙም፣ ለኦርቶዶክሱም፣ ለፕሮቴስታንቱም ቃል ሳልለውጥ እሰጠዋለሁ።

ከሕጉ ልነሳ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ማንም ሰው ሃይማኖቱን ብቻውን ወይም ከሌሎች ጋር፣ በይፋ ወይም በግል የማምለክ፣ የመተግበር፣ የማስተማርና የመግለጽ መብት አለው ይላል። «ማስተማር» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉልኝ፤ ስብከት እሱው ነው። አንቀጽ 29 ደግሞ ሐሳብን በቃልም በጽሑፍም መግለጽን፣ መረጃ መስጠትንና መቀበልን ይጠብቃል። ልጅዎ አራት ላይ ያጠፈው ወረቀት እንግዲህ ሁለት አንቀጾች ከኋላው ቆመዋል።

ምክትል ርዕሰ መምህሩም «ዓለማዊ ነው» ያሉት ከመሬት ተነስተው አይደለም። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ እንዲካሄድ ያዛል። ነገር ግን ይህ ግዴታ የወደቀው በማን ላይ ነው? በትምህርት ቤቱ ላይ ነው። ሰልፍ ላይ ማይክ የሚይዘው፣ ሰሌዳ ፊት የሚቆመው፣ የመማሪያ መጽሐፍ የሚያዘጋጀው፣ ማርክ የሚሰጠው ሁሉ በመንግሥት ደመወዝና ሥልጣን ይናገራልና የማንንም ሃይማኖት መስበክ የለበትም። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ግን መንግሥት አይደለም። ዩኒፎርም ለበሰ እንጂ ሥልጣን አልለበሰም።

ይህ ልዩነት ሲጠፋ ነገሩ ይገለበጣል። ክፍለ ጊዜውን አሥር ደቂቃ በስብከት የሚጀምር የፊዚክስ መምህር አውቃለሁ፤ ማንም አንድ ቀን ተናግሮት አያውቅም። ከተማሪዎቹ አንዱ በዕረፍት ሰዓት ስለ እምነቱ ሲከራከር ቢገኝ ግን ቢሮ ይጠራል። ሕጉ የሚከለክለው የመምህሩን ነበር።

ታዲያ ተማሪ በትምህርት ቤት የፈለገውን ያድርግ ማለቴ ነው? አይደለም። አንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 5 ሃይማኖትን መግለጽ ሊገደብ እንደሚችል ይናገራል፤ ለሕዝብ ደኅንነት፣ ለሰላም፣ ለጤና፣ ለትምህርት፣ ለሞራል፣ ለሌሎች መብትና መንግሥት ከሃይማኖት ነፃ መሆኑን ለማረጋገጥ። ትምህርት በስሙ ተጠርቷል። ግን ገደቡ በሕግ የተደነገገና አስፈላጊ መሆን አለበት። አንድ ኃላፊ በር ላይ ቆመው የሚሰጡት የቃል ትእዛዝ ሕግ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ሲሰሙ እንዳይከፋዎት። የዚሁ አንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 4 ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብት ይሰጣቸዋል። የልጅዎን ወረቀት የተቀበሉት ልጆችም አባትና እናት አላቸው። አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ዓመት የሆናቸው ልጆች ናቸው፤ ትምህርት ቤቱን መርጠው አልገቡም፣ ደወል ሳይደወል መውጣትም አይችሉም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ «በክፍል ሰዓት አይታደልም፣ በር ላይ ቆሞ ማንንም ማስገደድ የለም፣ እምቢ ያለውን ልጅ አትከታተሉ» ብሎ ደንብ ቢያወጣና ደንቡን በሁሉም ላይ እኩል ቢያስፈጽም መብቱ ነው። የሥነ ዜጋ ክበቡንም፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበቡንም፣ የልጅዎንም ወረቀት በአንድ ዓይን ካየ ቅሬታ የለኝም። የአንዱን ፈቅዶ የሌላውን ሲነጥቅ ግን ዓለማዊ መሆኑ ቀርቶ ወገን መያዙ ነው።

ከሁሉ የከፋው ወረቀቱን መንጠቃቸው አይደለም። አራት ቀን ከክፍል መቅረቱ ነው። በሃይማኖት ጉዳይ ተማሪን ከትምህርት ማስቀረት ምን እንደሚያስከትል በ2017 ዓ.ም. በአክሱም አይተናል። ሒጃብ የለበሱ ሴት ተማሪዎች ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ታገዱ። የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤት ቁጥራቸውን 159 ብሎ ገለጸ። ክርክሩ ሲጓተት የ12ኛ ክፍል ፈተና መመዝገቢያ ጊዜ መጣባቸው። በጥር ወር ፍርድ ቤት ክልከላውን በእግድ ሲያስቆም፣ ያ ሁሉ የጠፋ የትምህርት ቀን በእግድ አልተመለሰም። የልጅዎ አራት ቀን ከዚያ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ መንገዱ ግን አንድ ነው።

አሁን ወደ ሴቷ ልጅዎ።

በየቀኑ ሐረጎን እወጣለሁ ብለዋል። ሚኒባሱ ውስጥ ሹፌሩ የወደደውን ይከፍታል፤ አንድ ቀን መንዙማ፣ አንድ ቀን መዝሙር፣ አንድ ቀን የስብከት ካሴት። ደሴ ፒያሳ ላይ የሚሰብክ ሰው ቢያጋጥምዎት ደስ ካለዎት ቆመው ይሰማሉ፤ ካላለዎት ያልፋሉ። ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ግን ወዴት ይወርዳሉ? ያው ስብከት፣ ያው ቃል ነው። ልዩነቱ ሰሚው ማለፍ መቻሉና አለመቻሉ ነው። እኔ በትምህርት ግቢ ስለሚደረግ ስብከት የሚመጣልኝን ጥያቄ ሁሉ የምመዝነው በዚህ ነው። የኮሌጅ ሜዳ፣ ካፌ፣ የቤተ መጻሕፍት ደጅ ፒያሳ ናቸው። ዶርም ግን ሐረጎ ነው።

ስለዚህ አብራት የምትኖረው ልጅ ስለ እምነቷ መናገሯ መብቷ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን «አንድ ነገር ልንገርሽ» ብላ መጀመሯ ጥፋት የለውም። ልጅዎም እንዲሁ ልትመልስላት፣ ልትከራከራት ትችላለች። በዚያ ዕድሜ ስለ እምነት ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከሩ ማደር ከኮሌጅ ሕይወት በጎ ነገሮች አንዱ ነው፤ እኔም በዚያ መንገድ አልፌያለሁ። ልጅዎ «ተይኝ» ካለች በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የመናገር መብት የማዳመጥ ግዴታ አይፈጥርም። አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ ለሁለተኛ ዓመት ተማሪ ያቺ አልጋ ቤቷ ናት። አንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 3 ማንንም በኃይል ወይም በሌላ ሁኔታ በማስገደድ እምነቱን የመያዝ ነፃነቱን መገደብን ይከለክላል። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሚጮኸው ስልክ ደግሞ የሃይማኖት ጥያቄ እንኳ አይደለም፤ የእንቅልፍ ጥያቄ ነው። ዘፈንም ቢሆን መልሱ ያው ነበር።

አንድ ነገር ልለይ። «የእናንተ እምነት ስሕተት ነው» መባል ያማል፣ ግን ወንጀል አይደለም። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሃይማኖት ትምህርትን ከጥላቻ ንግግር ለይቶ አስቀምጧል። ሕዝብን በሃይማኖቱ ለይቶ እንዲጠላ፣ እንዲገለል ወይም እንዲጠቃ ሆን ብሎ መቀስቀስ ግን እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስከትላል። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 492 የአምልኮ ሥርዓትን ማወክንና በይፋ መሳለቅን ይቀጣል። የሰውየውን ሐሳብ መቃወም አንድ ነገር ነው፤ ሰውየውን ማዋረድ ሌላ።

«ለምን እንዲህ ያለ ንግግር ከግቢ ጨርሶ አይከለከልም፣ ተማሪ ለትምህርት ነው የመጣው» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በፖለቲካው በኩል ተሞክሯል። በ1962 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ደሴ ወይዘሮ ስኅን ትምህርት ቤት የተማረው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ «ታገል» በተባለው የተማሪዎች ጋዜጣ ወጣ። በሚቀጥለው ወር የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ በማግስቱ ወታደር ስድስት ኪሎ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብቶ በተማሪ ላይ ተኮሰ። ከዋለልኝ ሐሳብ ጋር የማይስማማ ብዙ ነው፣ እስከ ዛሬም ያከራክራል። ጥይቱ ግን ለሐሳቡ መልስ አልሆነም፤ ክርክሩን ወደ ምሥጢር ቤት አስገባው እንጂ።

በሃይማኖቱም በኩል እንዲሁ ነው። የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን በ1950ዎቹ መጨረሻ ከተማሪዎች የጸሎት ስብሰባ ተነሳች፤ ለመመዝገብ ብትጠይቅ በ1959 ዓ.ም. ተከለከለች፤ በደርግም ዘመን በየቤቱ ተሰብስባ ቀጠለች። ማኅበረ ቅዱሳን የተወለደው በ1983 ዓ.ም. ለወታደራዊ ሥልጠና ብላቴ ከወረዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጸሎት ነው፤ በ1984 ዓ.ም. ተመሠረተ፣ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ጉባኤ አለው። ሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓቸውን፣ ፕሮቴስታንቶች ፌሎሺፓቸውን አቋቁመዋል። ትምህርት ሚኒስቴር በ2000ዎቹ መጀመሪያ በተቋማት ውስጥ የሚደረግ አምልኮን የሚመለከት መመሪያ ሲያወጣ፣ የጋራ ስግደትና ጉባኤ ከአጥር ውጭ ወደ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ወጣ። ይህ ከግቢው ውጭ መሆኑ ሰላም ካመጣ አልቃወምም። ነገር ግን ሁለት ጓደኛሞች ሣሩ ላይ ተቀምጠው ስለ እምነታቸው ቢነጋገሩ ይህም «የተከለከለ ስብሰባ» ነው ከተባለ መመሪያው ከሕገ መንግሥቱ አልፏል።

ሌላውም ዓለም በዚህ ተፈትኗል። አሜሪካ ውስጥ በካንሳስ ሲቲ የሚገኘው የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ፣ ለሌሎች ማኅበራት የሚፈቅደውን አዳራሽ ለሃይማኖት ተማሪዎች ሲከለክል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1981 እ.ኤ.አ. «ለሌላው ከከፈትክ ለእነሱም ክፈት» አለው። ፈረንሳይ በ2004 እ.ኤ.አ. ጎልቶ የሚታይ የሃይማኖት ምልክትን በመንግሥት ትምህርት ቤት ከለከለች፤ ዩኒቨርሲቲን ግን በዚያ ሕግ ውስጥ አላስገባችም። በፈረንሳይ ክልከላ አልስማማም። ሆኖም የልጅን ትምህርት ቤትና የአዋቂን ግቢ ለይታ ማየቷን እቀበላለሁ። እኛም መለየት ያለብን ይህን ነው፤ የእርስዎ ሁለት ልጆች ጉዳይም ከዚህ መስመር ግራና ቀኝ ላይ ነው ያለው።

ፍርዴ ይህ ነው። ወንዱ ልጅዎ ወረቀቱን ማደሉ መብቱ ነው፤ ጊዜና ቦታውን ግን ትምህርት ቤቱ በግልጽ ደንብ ሊወስንበት ይችላል። ከክፍል መባረሩ ትክክል አልነበረም። የሴቷ ልጅዎ አብሮ አዳሪ መናገር ትችላለች፤ ልጅዎ በቃኝ ባለችበት ደቂቃ ግን ማቆም አለባት። አሁን ሚዛኑን ያዙሩትና ይመልከቱ፦ ወንዱ ልጅዎም «አልፈልግም» ያለውን ጓደኛውን በየዕረፍቱ ቢከታተል ከላይኛው አልጋ ካለችው ልጅ አይለይም። ይህን እርስዎ ራስዎ ይንገሩት፤ ከእኔ ይልቅ ከአባቱ ይሰማል።

ለሴቷ ልጅዎ መጀመሪያ ፕሮክተሯን፣ ካልሆነ የተማሪዎች ዲንን በጽሑፍ ታመልክት። የምትጠይቀው የጸጥታ ሰዓት እንዲከበር ወይም ክፍል እንዲቀየርላት ይሁን፤ ያቺ ልጅ እንድትቀጣ አትጠይቅ። ለወንዱ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ልጁን ይዘው ትምህርት ቤት ይሂዱ። ወረቀቱ እንዲመለስ፣ የቀሩት አራት ቀናት እንደ ፈቃድ እንዲያዙለት፣ የተላለፈው ደንብ ካለም በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። በጽሑፍ ካልሰጡ ጉዳዩን ለወላጅ መምህር ኅብረቱ፣ ቀጥሎ ለከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ካልሆነም ለእንባ ጠባቂ ተቋም ወይም ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ያቅርቡ። ማመልከቻው ላይ የልጅዎን ሃይማኖት አይጻፉ፤ ለእኔ እንዳልጻፉልኝ ሁሉ።