ውኃ በዛፍ ውስጥ ሽቅብ የሚወጣው እንዴት ነው?



ባለፈው ክረምት እኛ የይጁቤ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ግቢ የዋንዛና የጽድ ችግኝ ተክለን ነበር። ችግኞቹን ከመደብ ነቅለን፣ አፈሩን ከሥራቸው አራግፈን፣ በቀትር ፀሐይ ተሸክመን አመጣናቸው። ጧት ማታ ውኃ ብናጠጣቸውም አብዛኞቹ ጠውልገው ደረቁ። አንዳንዶቻችን በመሬቱ አመካኘን፤ ጥፋቱ ግን የራሳችን ነበር። ይህም የሚታወቀው ውኃ በተክል ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ሲታወቅ ነው።

ወንዞቻችን ቁልቁል ወደ ዓባይ ይወርዳሉ፤ በዛፍ ውስጥ ያለው ውኃ ግን ሽቅብ ይወጣል። ዛፍ እንደ ሰው የሚመታ ልብ የለውም። በቱቦ እንደምንመጠው ነው እንዳንልም፣ እንዲህ ያለ መምጠጥ ውኃን ከ10 ሜትር ያህል በላይ አያወጣም፤ በደጋ አገር አየሩ ስስ ስለ ሆነ ከዚያም ያንሳል። ባሕር ዛፍ ግን ከዚህ እጥፍ በላይ ይረዝማል።

ምክንያቱ ያለው ከቅጠሉ ዘንድ ነው። ቅጠል በዓይን የማይታዩ ብዙ ቀዳዳዎች አሉት። በፀሐይና በነፋስ ኃይል ውኃ በእነዚህ በኩል ይተናል። የውኃ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው የተያያዙ በመሆናቸው የፊተኛው ሲወጣ የኋለኛውን ይስባል። ስለዚህ በግንዱ ውስጥ ባሉት ቀጫጭን ቧንቧዎች ውኃው ከሥር እስከ ጫፍ እንደ ገመድ ይጎተታል። ይህን አሳብ ዲክሰንና ጆሊ የተባሉ የአየርላንድ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1894 አቅርበውታል።

ከታች ውኃውን ከአፈር የሚቀበሉት በሥሩ ጫፍ አጠገብ ያሉት ለስላሳ የሥር ፀጉሮች ናቸው። እኛ አፈሩን ስናራግፍ በጠስናቸው፤ የቀሩትንም ፀሐይ አደረቃቸው። ቅጠሉ ግን መሳቡን አልተወም። ስለዚህ ያጠጣነው ውኃ ተቀባይ አጣ።

ይህን ለማየት የምትሹ ሁለት እኩል ቅርንጫፎች ቁረጡ። የአንዱን ቅጠል መልጣችሁ በሁለት ጠርሙስ ውኃ ውስጥ አቁሟቸው። ውኃው በላዩ እንዳይተን ጥቂት ዘይት ጨምሩበት፤ ልኩንም ምልክት አድርጉ። ፀሐይ ላይ ውሎ ሲመሽ ብታዩት ይበልጥ የጎደለው ቅጠል ያለበት ጠርሙስ ነው።

እንግዲህ በመጪው ክረምት ችግኙን ከነአፈሩ እናንሣ፤ ሥሩን በእርጥብ ጆንያ እንሸፍን፤ ሰማዩ ሲደምን ወይም ወደ ማታ እንትከል፤ ለጥቂት ቀንም ዳስ እንሥራለት። አምና የተከልንበት ጉድጓድ ዛሬም ባዶውን ይጠብቀናልና።