ለዝንብ ምግብ ማዘጋጀት ምን ይጠቅማል?

ዝንብን እናባርራለን እንጂ መቼ እንቀልባለን? የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፤ የፍራፍሬ ዝንብን ለማጥፋት ከተገኙት መንገዶች አንዱ ዝንቡን ራሱን በብዛት ማርባት ነው።

በቅድሚያ ስም እንለይ። የጠላ ጋን አፍ ላይ የምታንዣብበው ትንሿ ዝንብ የበሰበሰና የፈላ ነገር ፈላጊ ናት። እኛ የምንናገርላት የሜዲትራንያን ፍራፍሬ ዝንብ ግን ዛፍ ላይ ያለውን ደህናውን ብርቱካን፣ ኮክ ወይም ዘይቱን ልጣጩን ወግታ እንቁላሏን ከውስጥ ትጥላለች። እጩ ፍሬው ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚበላ የሚረጨው መድኃኒት አይደርስበትም። ላዩ ያማረው ፍሬ ሲቆረስ ትል በትል ነው፤ ገበሬውም ገበያ ላይ ያፍራል።

ዘዴው እንዲህ ነው። በፋብሪካ የረቡ ወንዶች በጨረር መካን ተደርገው ይለቀቃሉ፤ ከእነሱ ጋር የተገናኘች የዱር ሴት የምትጥለው እንቁላል አይፈለፈልም። ዝንቧ በ1977 እ.ኤ.አ. በቺያፓስ በኩል የገባችባት ሜክሲኮ፣ በ1979 ሜታፓ ላይ በሳምንት 500 ሚሊዮን ዝንብ እንዲያመርት የታቀደ ፋብሪካ ከፈተች፤ ከሌሎች የመከላከያ ዘዴዎች ጋር አጣምራም በ1982 ከተባዩ ነጻ ወጣች። ታዲያ ይህን ሁሉ እጭ በብርቱካን እንቀልበው ቢባል የየት አገር አትክልት ቦታ ይበቃል?

ስለዚህ ምግቡ ከፉርሽካ፣ ከስኳር፣ ከእርሾና ከውሃ ይቦካል። ስኳሩ ኃይል፣ እርሾው ፕሮቲንና ቫይታሚን ይሰጣል። ፉርሽካው በዋናነት ውሃውን ይዞ እጩ የሚሽሎከለክበት ሥፍራ ነው፤ በሌለበት የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳም ያገለግላል። ሻጋታና ባክቴሪያ እንዳይቀድሙ ሲትሪክ አሲድና ሶዲየም ቤንዞዌት ይጨመርበታል። የጎለመሱት ዝንቦች ደግሞ 3 እጅ ስኳርና 1 እጅ የእርሾ ፕሮቲን ይሰጣቸዋል። ሴቷ ፕሮቲን ካላገኘች እንቁላል ማዘጋጀት ያቅታታል።

አስቸጋሪው ሙቀት ነው። በሺህ የሚቆጠር እጭ በአንድ ትሪ ላይ ሲበላ እንደ ተከመረ እርጥብ ፍግ ይግላል። ክፍሉን እያቀዘቀዙ ካልጠበቁት እጮቹ በገዛ ሙቀታቸው ያልቃሉ። ደግነቱ ለቀማ የለም! እጩ ሲደርስ ራሱን እንደ ቀስት ለጥጦ ከትሪው እየተፈናጠረ ይወርዳል፤ በተፈጥሮው ከፍሬው ወጥቶ አፈር ውስጥ የሚገባበት ጊዜ ነውና።

ሴቶቹን መቀለብ ደግሞ ኪሳራ ነው። ለዚህ ተብሎ በተዘጋጀ ዘር እንቁላሉ በ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ24 ሰዓት ሲሞቅ ሴቶቹ ብቻ ይሞታሉ፤ ፉርሽካውና እርሾው ለወንዶቹ ይተርፋል። ለዘር የሚቀረው እንቁላል ግን እንዲህ አይሞቅም።

በአገራችንም ለዚሁ ዓይነት ዘዴ የቆላ ዝንብን ለማርባት ቃሊቲ ላይ ማዕከል ተቋቁሟል። የቆላ ዝንብ ፉርሽካ አይነካም፤ ምግቡ ደም ስለሆነ በስስ ሲሊኮን በኩል እየመጠጠ ይቀለባል።

ወደ ፍራፍሬ ዝንብ እንመለስና፣ እጩ በልቶ ማደጉ ብቻውን ምግቡን ጥሩ አያሰኘውም ባዮች ነን። ሜዳ ላይ የዱር ወንዶች ቅጠል ሥር ተሰብስበው ሽታ እየረጩ፣ ክንፋቸውን እያርገበገቡ ሴቷን ያባብላሉ፤ መራጯ ግን እሷ ናት። በተጨናነቀ ጎጆ ከትውልድ ወደ ትውልድ የረባው ወንድ ማባበሉን ያሳጥራል። በዚያ ላይ ምግቡ አንሶት ከኮሰሰማ ጥላው ትሄዳለች፤ 500 ሚሊዮን ተለቀቀ ማለቱም ወሬ ሆኖ ይቀራል። በመሆኑም ከየምርቱ ጥቂት ሙሽሬ ተወስዶ ይመዘናል። ሌላው ደግሞ 10 ሴንቲሜትር ቁመት ባለው ጥቁር ቱቦ ውስጥ ይደረጋል። የቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ታልክ ዱቄት ስለሚቀባ ዝንቡ ተንፏቆ መውጣት አይችልም፤ ያለው ምርጫ መብረር ብቻ ነው። በርረው የወጡትና ከሥሩ የቀሩት ይቆጠራሉ፤ የቀሩት ከበዙ ወደ ትሪው ተመልሶ እርሾው፣ ሙቀቱና የእጩ ብዛት ይመረመራል።