ጽሑፋችንን ለጥናት መጽሔት ስንልክ

 

በወሎና በሐረር በየሸይኾቻችን ቤት በዐጀም የተጻፉ ኪታቦችና መንዙማዎች አሉ። ፊደላቸው ዐረብኛ፣ ቋንቋቸው አማርኛ ወይም ሐረሪ ነው። መድረሳ የቀራን ልጆች ይህን ማንበብ እንችላለን። ካልጻፍንበት ግን ወረቀቱ ሲያረጅ፣ ሸይኹም ወደ አኼራ ሲሄዱ ዕውቀቱ አብሮ ይጠፋል።

ከ1963 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚያሳትመው መጽሔት ለዚህ ዓይነት ጥናት አንዱ ቦታ ነው። ወደ እንዲህ ያለ መጽሔት ስንልክ አራት ነገር እንያዝ፦

1. ኪታቡ የማን እንደሆነና የት እንዳየነው እንጻፍ። የባለቤቱ ፈቃድ አማና ነው።
2. የመጽሔቱን መመሪያ እናንብብ። ገምጋሚው ጸሐፊውን እንዳያውቅ ከተባለ ስማችንን ከጽሑፉ እናውጣ።
3. አንድን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት መጽሔት አንላክ።
4. እርማት ሲመጣ ለእያንዳንዱ ነጥብ መልስ እንስጥ። ካልተስማማን ማስረጃችንን በአደብ እናቅርብ።

ሳይገመግሙ ገንዘብ ተቀብለው ከሚያትሙ እንራቅ።

የሐዲስ ዑለማዎች ሰነዱን ሲያጣሩ ዘጋቢው ማን እንደሆነ ይጠይቁ ነበር። እዚህ ስም ይደበቅና ማስረጃው ይመረመራል። መንገዱ ቢለያይም ሁለቱም ያልተጣራ ነገር እንዳያልፍ ይጠብቃሉ። ስለዚህ "አልተቀበልነውም" ቢሉን ተስፋ አንቁረጥ፤ አስተካክለን ለሌላ መጽሔት እንላክ።

በዚህ እረፍት አገር ቤት ስንገባ፣ ሸይኾቻችንን አስፈቅደን አንድ አንድ ኪታብ እንመዝግብ፣ ኢንሻአላህ።