ሥጋ የሚጠብቅ፣ አፈር የሚሆን ማሸጊያ

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ሥጋ ማሸጊያ ምን አገባው እንዳትሉኝ። የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ የእኛም ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 በደቡብ አፍሪካ ሊስቴሪያ በተባለ ባክቴሪያ ከ1,000 በላይ ሰዎች ታመው ከ200 በላይ ሞተዋል። ምንጩ ፖሎኒ የሚባለው፣ ቤት ውስጥ እንደገና ሳይበስል የሚበላ ሥጋ ነበር። ሊስቴሪያን ክፉ የሚያደርገው ፍሪጅ ውስጥም መራባቱ ነው። ሥጋው ፋብሪካ ውስጥ ቢበስልም ሲቆራረጥና ሲታሸግ ሊበከል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ እሳት አያየውም።

ታዲያ ተመራማሪዎች ማሸጊያውን ራሱን ዘበኛ ለማድረግ እየሞከሩ ነው። ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት ከሚገኘው ካይቶሳን ስስ ሽፋን ይሠራሉ፤ በውስጡም ናይሲን ይጨምሩበታል። ናይሲን ወተት ላይ በሚገኝ ባክቴሪያ የሚመረት ሲሆን፣ የሊስቴሪያን የሕዋስ ሽፋን እየበሳ ይገድለዋል። ካይቶሳን ደግሞ እንደ ፕላስቲክ ለዘመናት አይቆይም፤ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል።

ነገር ግን ናይሲን ብቻውን እንደ ሳልሞኔላ ባሉት ላይ እምብዛም አይሠራም፤ ካይቶሳንንም እርጥበት ያዳክመዋል። እንግዲህ እኛ «ባክቴሪያን ድራሹን የሚያጠፋ ማሸጊያ ተገኘ» የሚል ርዕስ ብንሰጥ፣ ነፍሰ ጡር አንባቢያችን ተማምና ትበላለች፤ ሊስቴሪያ ደግሞ ፅንስ ያስወርዳል። ማሸጊያው የፋብሪካ ንጽሕናንና ቅዝቃዜን ያግዛል እንጂ አይተካም። ቦታ ቢጠበንም ይህችን ዐረፍተ ነገር ከዜናችን አንቁረጣት እላለሁ።