ስለ እንሰት ምርመራ ሪፖርት አጻጻፍ

ለወረዳ ሹማምንትና ለባለይዞታዎች የተሰጠ ትምህርት

በወላይታ ሶዶ ዙሪያ ባሉት ወረዳዎች እንሰት የቤተ ሰብ ጎተራ ነው። ስለዚህ እንሰት ሲታመም የሚጻፈው ሪፖርት የሰውን ቀለብ የሚነካ መሆኑን መርማሪው ሊዘነጋው አይገባም።

«በቀበሌያችን እንሰት ታሞአል» ብሎ መጻፍ ብቻ ለአንባቢው አይጠቅመውም። ደኅና ሪፖርት የሚከተለውን ይገልጣል፤

1ኛ፤ ምርመራው የተደረገበትን ቀንና ስፍራ፤
2ኛ፤ ከስንት እግር እንሰት ስንቱ እንደ ታመመ፤
3ኛ፤ በዓይን የታየውን ምልክት፤
4ኛ፤ ሊደረግ የሚገባውን ሥራ።

መርማሪው ያየውን «አየሁ»፥ የሰማውን «ሰማሁ»፥ የገመተውን «መሰለኝ» ብሎ ይለይ። «ቅጠሉ ጠውልጓል፤ ሲቆረጥም ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ወጥቶታል» የሚል ቃል ቢጽፍ፥ በ1960 ዓ.ም. በሳይንስ ጽሑፍ የተገለጠውን የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ያመለክታል። ይህ በሽታ ፈዋሽ መድኃኒት የለውም፤ በተበከለ ቢላዋም ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ይተላለፋል። ስለዚህ የሪፖርቱ መደምደሚያ «የታመመው ተነቅሎ ይቀበር፤ ቢላዋው በእሳት ይለብለብ» የሚል ይሁን።

ግልባጩም ለማሳው ባለቤት በዚያው ቀን ይድረሰው፤ በመዝገብ ቤት የሚቈይ ሪፖርት እውነት ቢሆንም እንኳ የጎረቤትን ማሳ አያድንምና።